ዶኪንጉን ሠራን፤ መድኃኒቱን ማን ይሥራው?

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሶቹ 31 ደርሰዋል። አዲስ የሚገቡ ሰዎች 4ኛው ላይ የተመለሰውን ነገር እንደገና ሲጠይቁ አያለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ያነሳሁትን ሐሳብ፣ ቀጥሎም ማን ምን እንዳለ በራሴ ቃል ላስቀምጥላችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መነሻዬ ይህ ነበር። በኮምፒውተር የታገዘ የመድኃኒት ንድፍ ዛሬ ወደ ፋርማሲ ትምህርት ቤቶቻችን ገብቷል። ላፕቶፕና ኢንተርኔት ያለው የማስተርስ ተማሪ ከፕሮቲን ዳታ ባንክ የበሽታ አምጪውን ፕሮቲን ቅርጽ በነፃ ያወርዳል። አውቶዶክ ቪና የሚባለውን ፕሮግራም በነፃ ይጭናል። ከዚያ ከአንድ ተክል የተገኙ ሞለኪውሎችን አንድ በአንድ ከፕሮቲኑ ጋር እያገጣጠመ የትኛው ጠበቅ አድርጎ እንደሚይዝ ያሰላል። ዶኪንግ የምንለው ይህንን ነው። ዳታ ባንኩ በ1971 ሲጀመር የነበሩት ቅርጾች 7 ብቻ ናቸው፤ ዛሬ ከ200 ሺህ አልፈዋል። በ2022 ደግሞ አልፋፎልድ የተባለው የፕሮቲን ቅርጽ ተንባይ ፕሮግራም የተነበያቸው ከ200 ሚሊዮን በላይ ቅርጾች ለማንም ክፍት ሆኑ። ጅማ ያለው ተማሪና ቦስተን ያለው ተማሪ እዚህ ላይ እኩል ናቸው። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አላቃልለውም።

የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች አንብቤአለሁ። አብዛኞቹ ሞለኪውሉ ተስፋ ሰጪ ነው፣ በላብራቶሪ ይረጋገጥ ብለው ያልቃሉ። የሚያረጋግጠው ሰው ግን አይመጣም። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ተማሪ በሌላ ተክል ያንኑ ይደግማል። ሞለኪውሉን የሚሠራው ኬሚስት የት አለ? በሴል ላይ የሚሞክረው፣ መርዛማነቱን የሚያየው፣ ወደ ክኒን የሚቀይረው፣ ሰነዱን ለተቆጣጣሪ የሚያዘጋጀውስ? ከሶፍትዌሩ ይልቅ የጎደለን የሠለጠነ እጅ ነው አልኩ። ሥልጠናውም ባለሙያው ሠርቶ በሚያሳየው ነገር ይለካ አልኩ።

1ኛውን መልስ የሰጡት አንድ የመድኃኒት ኬሚስትሪ መምህር ናቸው። በአክብሮት አመስግነው፣ ተማሪዎች ዶኪንግን እንዲንቁት እንዳላደርግ አሳሰቡኝ። ለግላኮማ የሚሰጠው ዶርዞላማይድ በ1990ዎቹ አጋማሽ ገበያ ላይ የዋለው የኢንዛይሙ ቅርጽ እየታየ ተነድፎ ነው። በ1999 የተፈቀደው የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት ዛናሚቪርም እንዲሁ። ከሁሉ በፊት ግን የደም ግፊት መድኃኒቱን ካፕቶፕሪልን አነሱ። በ1970ዎቹ የስኩዊብ ኩባንያ ተመራማሪዎች ኩሽማንና ኦንዴቲ የኢንዛይሙን ቅርጽ ማንም ሳያውቀው፣ ከሚመሳሰል ሌላ ኢንዛይም ተነስተው በወረቀት ላይ ሞዴል ሠሩ። መድኃኒቱ በ1981 ተፈቀደ። ሐሳብ ከኮምፒውተር ይቀድማል አሉ መምህሩ። አንዱ ባዮኬሚስት፣ ሌላው ኬሚስት ስለነበሩም ያሰቡትን ሠርተው ይለኩት ነበር። ይህ የኋለኛው ለእኔ የክሩ ቁልፍ ነጥብ ነው፤ በኋላ ብዙዎች ዘለሉት እንጂ።

2ኛው እየተከታተለ መሆኑን ብቻ ጻፈ። 3ኛው ምን ዓይነት ላፕቶፕ እንደሚያስፈልግ ጠየቀ። 4ኛው በጥሩ ሁኔታ መለሰለት። ለቪና ማንኛውም ደህና ላፕቶፕ ይበቃል። ፕሮቲኑና ሞለኪውሉ አብረው ሲንቀሳቀሱ የሚያሳየው ሲሙሌሽን ግን ጂፒዩ የሚባለውን ፈጣን የስሌት ካርድ ይፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ሥራው ከዜሮ እንዳይጀመር በሲሙሌሽን ፕሮግራሙ በግሮማክስ የቼክፖይንት ፋይል ማስቀመጥና ካቆመበት መቀጠል እንደሚቻልም አስረዳው። ላፕቶፕ ልትጠይቁ የመጣችሁ እዚህ አንብቡ።

5ኛው ላይ ድምፁ ተቀየረ። ጸሐፊው ለጆርናሎች የሚላኩ ጽሑፎችን የሚገመግም ነው። ትዕግሥቱ አልቋል። የቪና ሠሪዎች ራሳቸው በ2010 የስሌታቸው ስህተት በሞል 2.85 ኪሎካሎሪ ገደማ እንደሆነ ጽፈው ሳለ፣ የእኛ ተማሪዎች 9.1 ያመጣው ከ8.7 ይበልጣል ብለው መድኃኒት እንዳገኙ ያውጃሉ አለ። ትልልቅ ሞለኪውል ብዙ ስለሚነካካ ብቻ ነጥቡ ከፍ ይላል። ኩዌርሴቲን የሚባለው ሞለኪውል በየተክሉ አለ፤ በየጽሑፉም ያሸንፋል፤ ለስኳርም ለወባም ለኮቪድም። ዘዴው በመረጡት ፕሮቲን ላይ መሥራቱን የፈተሸ የለም አለ። እስከዚህ ድረስ ልክ ነው። መጨረሻ ላይ ግን ትምህርት ክፍሎቹን በሙሉ የወረቀት ፋብሪካ ብሎ ጠራ፤ ተማሪዎቹንም ሰነፎች አለ።

6ኛዋ ተማሪ ናት፤ ተናዳለች። ያስቆጣትም የመጨረሻው ቃል ነው። የመጀመሪያ ዕቅዷ የላብ ሥራ ነበር። ኬሚካሉ ታዘዘ፤ ግዢው ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ሲንከባለል ጊዜዋ አለቀ። አማካሪዋ በኮምፒውተር ጨርሺ አሏት። ምርጫ አልነበረኝም፣ በሰው ችግር ላይ ቆሞ መሳደብ ይቀላል ብላ ለ5ኛው መለሰች። ዕቃው ሞልቶ በተረፈበት ላብ ተቀምጠህ ነው የምታወራው አለችው። ብዙ ሰው ደገፋት። እኔም በደረሰባት በደል አብሬአት ነኝ። ተማሪን ጊዜው ካለቀ በኋላ አቅጣጫ ማስቀየር የተቋም ጥፋት ነው። አንድ ነገር ግን ልጨምር፦ ዘዴን መፈተሽ ኬሚካል አይጠይቅም። ያንን መሥራት ትችል ነበር፤ ያላስተማራት ሰው ነው የሚጠየቀው።

7ኛው አወያዩ ነበሩ። በሰው ላይ ሳይሆን በሥራ ላይ ተነጋገሩ ብለው አስታገሱ።

8ኛው ላይ 5ኛው ተመልሶ መጣ፤ ስድቡንም ተወ። ይህ መልስ ለተማሪ ሁሉ መታተም አለበት ብዬ አምናለሁ። ያለ ገንዘብ የሚሠሩትን ነገሮች ዘረዘረ። ፕሮቲኑ ክሪስታል ሲሠራ አብሮት የተገኘውን ሞለኪውል አውጥተህ መልሰህ አስገባው፤ ከነበረበት ቦታ ከ2 አንግስትሮም (የአተም መጠን የሚለካበት አሃድ ነው) በላይ ከራቀ ዘዴህ በዚያ ፕሮቲን ላይ አይሠራም። በፕሮቲኑ ላይ እንደሚሠሩ የሚታወቁ ሞለኪውሎችን ከማይሠሩ ጋር ቀላቅልና ፕሮግራሙ ይለያቸው እንደሆነ እይ። በየሙከራው ውሸተኛ ውጤት የሚሰጡ የሞለኪውል ዓይነቶች ከ2010 ጀምሮ ተዘርዝረው ይታወቃሉ፤ አጣራቸው። ከዚያ የ2019ኙን የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሳን ፍራንሲስኮ ቡድን ሥራ አነሳ። ቡድኑ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሞለኪውሎችን በአንድ የአንጎል ፕሮቲን ላይ ዶኪንግ ሠራ። ከእነዚያ ውስጥ 549 አሠርቶ በላብ ሞከረ። የሞከረው ከላይ ያሉትን ብቻ አልነበረም፤ ከመካከልና ከታችም ወሰደ። ነጥቡ ሲወርድ የሚሠሩት ሞለኪውሎች ቁጥርም አብሮ ወረደ። ዶኪንግ የሚታመነው እንዲህ ሲፈተን ነው።

9ኛው የግፊት መድኃኒት ከየፋርማሲው መጥፋቱንና ዋጋውን አነሳ። 10ኛው እሱን ደግፎ ብሶቱን አወጣ። ብሶቱ እውነት ነው፤ ሌላ ክር ይገባዋል።

11ኛውን የጻፉት በጡረታ ላይ ያሉ የላብራቶሪ ባለሙያ ናቸው። ክሩ ከፍ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የዶክተር አክሊሉ ለማን የእንዶድ ታሪክ አነሱ። በ1964 አክሊሉ አድዋ ላይ የቢልሃርዚያ ጥናት ሲያደርጉ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፍፈው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ያ ቀንድ አውጣ ነው። ከዚያ የአዲስ አበባው የፓቶባዮሎጂ ተቋም ተመሠረተ፤ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ጥናቱ ለዓመታት ተሠራ። ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ግን የደኅንነት ምርመራው በተቀበሉት ደረጃ አልተሠራም እያሉ ገፉት። የ11ኛው ጸሐፊ እዚህ ላይ ድምፃቸው ይከብዳል። ግኝቱ ነበረን፣ ተክሉ ነበረን፣ ሰዎቹ ነበሩን አሉ። ያልነበረን፣ የመርዛማነት ምርመራን ጂ.ኤል.ፒ. በሚባለው የላብራቶሪ ደንብ የሚሠራ ቤትና ባለሙያ ነው። በመጨረሻ በካናዳው የልማት ምርምር ማዕከል በአይ.ዲ.አር.ሲ. ድጋፍ በደንቡ መሠረት ተሠራና የተክሉ ደኅንነት ተመሰከረ። እስከዚያ ግን ከሃያ ዓመት በላይ አለፈ።

12ኛው ሁለት እርማት አመጣ፤ በጨዋነት። አንደኛ፣ ለእንዶዱ ሥራ የተሰጠው የ1989ኙ ዓለም አቀፍ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ለአክሊሉ ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ ዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስም አብረው ተሸልመዋል፤ ስማቸው ሲቀር ያሳዝናል። ሁለተኛ፣ እንዶዱ ቀንድ አውጣውን ይገድላል እንጂ የታመመውን ሰው አያክምም፤ የቢልሃርዚያ መድኃኒት ፕራዚኳንቴል ነው። ስለዚህ ምሳሌው ለሰው መድኃኒት በቀጥታ አይሆንም አለ። የ11ኛው ጸሐፊ እርማቱን ተቀበሉ። እኔ ግን ምሳሌው ይሠራል ባይ ነኝ። ለወንዝም ይሁን ለሆድ፣ ደኅንነቱን የሚመሰክረው ሰነድ አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው የሚጠየቀው።

13ኛዋ በጥራት ማረጋገጫ ክፍል የምትሠራ እህት ናት። ጂ.ኤል.ፒ. በተግባር ምን እንደሚመስል ጻፈች። ደንቡን የበለጸጉት አገሮች ድርጅት ኦ.ኢ.ሲ.ዲ. በ1981 አጽድቆታል። በየቀኑ ሲሠራበት ግን ትንንሽ ነገር ነው። ያየኸውን ባየህበት ሰዓት ጻፍ፤ በእርሳስ አትጻፍ፤ የተሳሳተውን በአንድ መስመር ሰርዘህ ፊርማና ቀን አኑርበት፤ ከሥሩ ያለው መነበብ አለበት። ሚዛኑ መቼ እንደተፈተሸ የሚያሳይ ወረቀት ይኑር። አዲስ ምሩቃን ሲመጡ ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፈው ማታ ወደ መዝገቡ ይገለብጣሉ አለች። ይህን ለማስተው ወራት ይፈጅባታል። አንደኛ ዓመት ላይ ቢማሩት በአንድ ሴሚስተር ያልቅ ነበር።

14ኛው ይህ ሁሉ ቢሮክራሲ ነው፣ ፈጠራን ይገድላል ብሎ ጮኸ። 15ኛው ባጭሩ መለሰለት፦ መዝገቡ ያልተጻፈ ሙከራ ሌላ ሰው ሊደግመው አይችልም፤ ካልተደገመ ማንም ገንዘብ አያወጣበትም። 14ኛው ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

16ኛው ወደ አፍሪካ ምርምር አዞረን። በ2010 በኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ በዛምቢያ ተወላጁ ኬሚስት በፕሮፌሰር ኬሊ ቺባሌ የተመሠረተውን ኤች.ስሪ.ዲ. የተባለ የመድኃኒት ምርምር ማዕከል አነሳ። ከዚያ የወጣው ኤም.ኤም.ቪ.390048 የተባለ የወባ ሞለኪውል በሰው ላይ እስከ መሞከር ደርሷል። የሁለተኛው ደረጃ ሙከራው ደግሞ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው የተካሄደው። አፍሪካ ውስጥ ኮምፒውተርና ጭንቅላት ከተገናኙ ይቻላል አለ።

17ኛው ወዲያው አረመው፤ ቃናው ትንሽ ሻከር ይላል። ያ ሞለኪውል ከዶኪንግ አልመጣም። ብዙ ሞለኪውሎች በሕያው የወባ ተውሳክ ላይ ተሞክረው፣ ተውሳኩን የገደሉት ተመርጠው፣ ኬሚስቶች እያሻሻሉት ነው የተገኘው። የሚያጠቃው ኢንዛይም ማን እንደሆነ የታወቀው በኋላ ነው። 18ኛው ደግሞ ሙሉውን እንናገር አለ። ሞለኪውሉ በእንስሳት ላይ በታየ የጉዳት ምልክት ምክንያት ቆሟል፤ ፋርማሲ አልደረሰም። 18ኛው ግን ይህን እንደ ውድቀት አላየውም። መድኃኒት ምርምር ውስጥ አብዛኛው ሞለኪውል በመንገድ ይቀራል፤ ጉዳቱን በጊዜ የሚያይ ቶክሲኮሎጂስት ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። ጸሐፊው በሙከራ ጣቢያ የሠራ ሰው ይመስለኛል። ፈቃድ ከታካሚ እንዴት እንደሚወሰድ፣ ደም ተቀድቶ በስንት ደቂቃ ውስጥ መቀዝቀዝ እንዳለበት፣ ጎጂ ውጤት ሲታይ ለማን እንደሚነገር የለመዱ ነርሶችና ቴክኒሺያኖች አንድ ሞለኪውል ሲቆም አብረው አይቆሙም፤ ለሚቀጥለው ይሆናሉ ሲል ጻፈ። እኔ ስለ ሠለጠነ እጅ ስናገር ያሰብኩት ልክ ይህንን ነው።

19ኛዋ ወደ ብቃት መለኪያ ገባች። ዓለም አቀፉ የፋርማሲ ፌዴሬሽን በ2016 ናንጂንግ ላይ ለዘርፉ ባለሙያዎች 13 የልማት ግቦች አውጥቷል። ከዚያ በፊትም የብቃት ማዕቀፍ ነበረው። ሐኪሙ ጆርጅ ሚለር በ1990 ያቀረበውን ደረጃም አስረዳች፦ ያውቃል፣ እንዴት እንደሚሠራ ያውቃል፣ ሠርቶ ያሳያል፣ በሥራ ቦታው ይሠራል። የእኛ ፈተና ሁለተኛው ላይ ይቆማል አለች። ኤች.ፒ.ኤል.ሲ. የተባለው ድብልቅን ለያይቶ የሚለካ መሣሪያ እንዴት እንደሚሠራ ሥዕል የሚስል ተማሪ፣ መሣሪያው ግፊቱ ሲወጣ መጀመሪያ ምን መፈተሽ እንዳለበት አያውቅም። አምዱ ተደፍኖ ይሆናል፣ ማጣሪያው ይሆናል፣ ፈሳሹ ውስጥ ጨው ተቋጥሮ ይሆናል። ይህን ቆሞ ካላየው አይማረውም።

20ኛው ስለ ላፕቶፕ ጠየቀ። 4ኛውን ያንብብ።

21ኛው ክሩን እንደገና አጋጋለው። ማዕቀፍ ማዕቀፍ አትበሉኝ አለ። እሱ ያየው ሥልጠና በሆቴል አዳራሽ የሚደረግ፣ ስላይድ የሚታይበት፣ አበል የሚፈረምበት ነው። ፈቃድ ለማሳደስ ነጥብ ይሰበሰባል፤ ሰውየው ግን እንደገባ ይወጣል። 22ኛዋ የሆስፒታል ፋርማሲስት ናት፤ ተቆጣች። ሁሉንም በአንድ ቅርጫት አትክተት፣ እኔ በተከታታይ ሥልጠና የተማርኩት የመድኃኒት መስተጋብር የሰው ሕይወት አድኗል አለች። ሁለቱም እውነት አላቸው። የአበሉ ነገር ግን ተድበስብሶ መታለፍ የለበትም። ሠልጣኙ ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ አንድ ሥራ ሠርቶ ያሳይ፤ ልዩነቱ ይታያል። ይህን ለማድረግ አዳራሽ አያስፈልግም።

23ኛው ከሪያድ ነው የጻፈው። ፕሮሜትሪክ የሚባለውን የውጭ አገር የሙያ ፈቃድ ፈተና አልፎ ሄዷል፤ እዚያ በፋርማሲ ይሠራል። ምርምር ትምህርቱ ላይ እንደቀረ ነግሮን፣ የሚመለስበት ሥራ ካለ እንደሚመለስ ጻፈ። 24ኛዋ ከሜሪላንድ ናት፤ በመድኃኒት ኩባንያ ውስጥ ፎርሙሌሽን (መድኃኒቱን ወደ ክኒንና መሰል ቅርጽ መቀየር) ትሠራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ በቪዲዮ ላስተምር ብላ አቀረበች። ከልቧ ነው። 25ኛው፣ ፒፔት (ጥቂት ፈሳሽ መለኪያ የላብ መሣሪያ) በዙም አይያዝም ብሎ መለሰላት፤ ክፉኛ ነው የመለሰላት፤ ብዙ ሰውም ወቀሰው። እኔ የእሷን ሐሳብ እደግፋለሁ። ሰነድ አጻጻፍ፣ የሙከራ ዕቅድ፣ የስታትስቲክስ ስሌት በቪዲዮ በደንብ ይሄዳል። ለፒፔቱ ሌላ መላ እንፈልጋለን።

26ኛው ከአገር ውስጥ ፋብሪካ ነው፤ ስሙን አልጠቀሰም። መንግሥት ከ2015 እስከ 2025 የሚዘልቅ የአገር ውስጥ የመድኃኒት ምርት ስትራቴጂ አውጥቶ ነበር። ቂሊንጦ ላይም ለዚሁ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተሠርቷል። ሕንፃ አለ፣ ማሽን ይገዛል አለ። ጭንቀቱ ሰው ላይ ነው። የፋርማሲ ትምህርቱ ላለፉት ዓመታት ወደ ታካሚው አዘንብሏል፤ ያ ለሆስፒታል መልካም ነው። ፋብሪካ ሲገባ ግን ክኒኑ ከማሽኑ ሲወጣ አናቱ እየተገነጠለ ቢወድቅ ምሩቁ የት እንደሚጀምር ግራ ይገባዋል። ጥራጥሬው ከልክ በላይ ደርቆ ይሆን? የላመ ዱቄት በዝቶበት ይሆን? ማሽኑ ፈጥኖ አየሩ ውስጡ ታምቆ ይሆን? ወይስ መምቻው አልቆ ነው? አራቱን በተራ የሚፈትሽ ሰው በአንድ ፈረቃ ይፈታዋል። የማያውቅ ሰው ሙሉ ባች ይጥላል።

27ኛው ስለ ኮሶና ስለ አያቱ ጻፈ። ኮሶ ለኮሶ ትል በእርግጥ የሚሠራ ተክል ነው፤ መጠኑ ሲበዛ ግን ዓይን እስከማጥፋት እንደሚደርስ ሳንናገር አናወድሰው።

28ኛው የሚጨበጥ ነገር አመጣ። በላቡ ውስጥ ሞለኪውልን በባክቴሪያ ላይ የሚሞክርበት ፕሌት አለው። ለተማሪዎች ጥቂት ናሙና በነፃ ሊሠራ ፈቅዷል፤ ናሙናው ንጹሕ መሆኑ ከተረጋገጠ። 29ኛዋ የ6ኛዋ ተማሪ ራሷ ናት። ሞለኪውሎቿን እንደ 8ኛው ምክር እንደገና ፈትሻለች፤ አብዛኞቹ ወድቀዋል፤ ሁለት ቀርተዋታል። ከተክሉ አውጥታቸዋለች ግን ንጽሕናቸውንና ማንነታቸውን ሞለኪውልን በማግኔት በሚለየው መሣሪያ በኤን.ኤም.አር. ማሳየት አልቻለችም። 30ኛው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል በኩል እንድትሞክር ነገራት፤ ወረፋውን ግን ታገሺ አላት።

31ኛው ማንም ያላነሳውን አነሳ። ኤን.ኤም.አር. ማግኔቱ ሁልጊዜ በፈሳሽ ሂሊየም መቀዝቀዝ አለበት። ኤች.ፒ.ኤል.ሲ. የፓምፕ ጎማው ያልቃል፣ መብራቱ ይቃጠላል። መሣሪያ ቆሞ ጥናት ሲቆም የሚወቀሰው ተማሪው ነው። ኬሚስትም ፋርማሲስትም እናሠለጥናለን፤ መሣሪያውን የሚጠግን መሐንዲስ ግን ከውጭ በአውሮፕላን እንጠብቃለን። ይህን ባለሙያ ማን ያሠልጥን ብሎ ጠየቀ። እስካሁን መልስ አላገኘም።

32ኛውን የምትጽፉ፣ ከዚህ ቀጥሉ። በምትሠሩበት ቤት መሣሪያ የሚጠግን ሰው ካለ የት እንደሠለጠነ፣ ስንት ጊዜ እንደወሰደበትና መለዋወጫውን ከየት እንደሚያገኝ ጻፉልን። ለ29ኛዋ እህት ናሙናውን ሊያይላት የሚችል ካለም እዚሁ ይንገራት።